ትናንሽ ወረቀቶችና ትልልቅ ስሞች፤ ከስፖርት ካርድ ሰብሳቢዎች ጉባኤ እስከ አንጎለላ

ጫጫ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ጫጫ በሰሜን ሸዋ ዞን የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አካባቢው በገብስ ምርቱና በበግ እርባታው የሚታወቅ ደጋ ቢሆንም፣ በሌላው ዓለም የሚገኙ ሰብሳቢዎች በጥንቃቄ በሚያስቀምጧቸው ትናንሽ የታተሙ ወረቀቶች ላይም ድርሻ አለው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ቴምብሮች ላይ ምስላቸው የታተመው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም የተወለዱት በዚሁ በአንጎለላ ነው። በማራቶን ድሉ የተለያዩ አገሮች ቴምብር ያተሙለት ሻምበል አበበ ቢቂላም ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም የተወለደው ከዚያ ብዙም በማይርቀው በመንዲዳ አካባቢ፣ ጃቶ በተባለች መንደር ነው።

እንዲህ ያሉ ወረቀቶች በአንዳንዱ ቤት በሣጥን ውስጥ ተረስተው ይኖራሉ፤ በአንዳንዱም የእሳት ማቀጣጠያ ይሆናሉ። በሌላ በኩል ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወረቀቶቹን ለማየት፣ ለመግዛትና ለመለዋወጥ በአንድ አዳራሽ የሚሰበሰብበት አገር አለ። ይህ ልዩነት ከየት እንደሚመነጭ ለመረዳት በዓለም ትልቅ ከሚባሉት የሰብሳቢዎች ጉባኤዎች አንዱ የሚሠራበትን መንገድ መመልከት ይጠቅማል።

የስፖርት ካርድ በመዳፍ ልክ የተቆረጠ ወፍራም ወረቀት ነው። በፊት ገጹ የስፖርተኛው ምስል፣ በጀርባው ደግሞ ስሙ፣ ቡድኑና ያስመዘገበው ውጤት ይሠፍርበታል። በአሜሪካ መታተም የጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሲሆን፣ የትምባሆ ኩባንያዎች የሲጋራ ፓኮ እንዳይጨማደድና ገዥም እንዲበረክት በማሰብ በፓኮው ውስጥ ይከቱት ነበር። ቆይቶም ከማስቲካ ጋር ለልጆች መሸጥ ጀመረ። በአውሮፓ ደግሞ የጣሊያኑ ፓኒኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ ከ1970 የሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ አንሥቶ የተጫዋቾችን ምስል በአልበም ላይ የሚለጠፍ አድርጎ በማዘጋጀት ልማዱን ወደ እግር ኳስ አፍቃሪዎች አስፋፍቷል።

የእነዚህ ካርዶች ሰብሳቢዎች በየዓመቱ የሚገናኙበት ብሔራዊ የስፖርት ሰብሳቢዎች ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ በ1980 በሎስ አንጀለስ ነው። ጉባኤው ቋሚ መቀመጫ የለውም፤ በቺካጎ አጠገብ የምትገኘው ሮዝሞንት፣ ክሊቭላንድ፣ አትላንቲክ ሲቲና ሌሎችም ከተሞች በተለያዩ ዓመታት አስተናግደውታል። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት እ.ኤ.አ በ2020 ሳይካሄድ ቀርቶ በ2021 በሮዝሞንት ቀጥሏል። በአብዛኛው በሐምሌ ወር ማብቂያ ላይ ለአምስት ቀናት የሚቆይ ሲሆን፣ ስሙ ጉባኤ ይባል እንጂ ንግግር የሚደረግበት ስብሰባ ሳይሆን ገበያና ዐውደ ርዕይ በአንድ ላይ ነው።

ጎብኚው የአንድ ቀን ወይም የሁሉንም ቀናት መግቢያ ትኬት ገዝቶ ሲገባ በረድፍ የተደረደሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ የነጋዴ ጠረጴዛዎች ይጠብቁታል። ሁሉንም በአንድ ቀን ማዳረስ ስለማይቻል ልምድ ያለው ሰብሳቢ የሚፈልጋቸውን ካርዶች ዝርዝር፣ ለእያንዳንዱ የሚከፍለውን ከፍተኛ ዋጋና የአዳራሹን ካርታ ይዞ ይመጣል። በአንድ በኩል ጨረታ አቅራቢ ድርጅቶች ውድ ካርዶችን በመስታወት ውስጥ ያሳያሉ፤ በሌላ በኩል የቀድሞ ስፖርተኞች በክፍያ ፊርማቸውን ያኖራሉ። ከአዳራሹ ሳይወጡ ካርድን ለመርማሪ ድርጅቶች ማስረከብም ይቻላል። በመጨረሻው ቀን አንዳንድ ነጋዴዎች ዕቃቸውን ጭነው ከመመለስ ይልቅ ዋጋ ቀንሰው መሸጥን ስለሚመርጡ፣ ይህንኑ ቀን የሚጠብቁ ገዥዎችም አሉ።

የገበያው ዋና ጥያቄ አንድ ወረቀት ለምን ከሌላው ይበልጥ ይወደዳል የሚለው ነው። መልሱ በሦስት ነገሮች ላይ ይመሠረታል፤ እነሱም ብርቅነት፣ ይዞታና ፈላጊ ናቸው።

ለብርቅነት የሚጠቀሰው የታወቀ ምሳሌ የቤዝቦል ተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ካርድ ነው። የአሜሪካ ትምባሆ ኩባንያ እ.ኤ.አ ከ1909 እስከ 1911 ባሳተማቸው ካርዶች ውስጥ የዋግነር ካርድ በጥቂቱ ታትሞ ተቋርጧል። አንዳንዶች ተጫዋቹ ልጆች ለካርዱ ሲሉ ትምባሆ እንዳይገዙ በመስጋቱ ነው ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ ክፍያ ስላልተሰጠው ነው ይላሉ። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ከዚህ ካርድ አንዱ እ.ኤ.አ በ2022 በ7 ነጥብ 25 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። በዚያው ዓመት በ1952 የታተመ የሚኪ ማንትል ካርድ በ12 ነጥብ 6 ሚሊዮን ዶላር በጨረታ ተሽጧል። የ1952ቱን ካርዶች ያሳተመው የቶፕስ ኩባንያ ባልደረባ ሳይ በርገር እንደተናገረው፣ ሳይሸጡ የቀሩት በርካታ ካርዶች እ.ኤ.አ በ1960 በጀልባ ተጭነው አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ተጥለዋል። ብርቅነት ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው በአሳታሚው ዕቅድ ሳይሆን ሰዎች ዋጋ የለውም ብለው በሚጥሉት ነገር መሆኑን ይህ ያሳያል።

ሆን ተብሎ የሚታተም ብዛት በአንጻሩ ዋጋን ይገድላል። እ.ኤ.አ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካርድ ሀብት ያመጣል የሚለው ወሬ በመስፋፋቱ ኩባንያዎች እጅግ ብዙ ካርድ አሳተሙ፤ ገዥዎችም ሁሉንም በጥንቃቄ አስቀመጡ። የሚጥል ሰው ስላልነበረ የሚጠፋ ካርድም አልተገኘም፤ በዚህም ምክንያት የዚያ ዘመን ካርዶች አብዛኞቹ እስከ አሁን በርካሽ ይሸጣሉ።

ሁለተኛው መመዘኛ ይዞታ ነው። በጫጫ ገበያ በግ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ሳያይና ላቱን ሳይዳስስ ገንዘቡን እንደማይከፍል ሁሉ፣ ካርድ ገዥም አራቱን ማዕዘናት፣ ጠርዙን፣ የገጹን ጥራትና ምስሉ መሃል ለመሃል መታተሙን ይመረምራል። ይህን ሥራ ለክፍያ የሚያከናውኑ ድርጅቶች አሉ። እ.ኤ.አ በ1991 ሥራ የጀመረው ፒ.ኤስ.ኤ ካርዱ እውነተኛ መሆኑን አረጋግጦ ከ1 እስከ 10 ደረጃ ይሰጥና በግልጽ ፕላስቲክ ያሽገዋል። የአንድ ደረጃ ልዩነት ዋጋውን በብዙ እጥፍ ሊቀይረው ይችላል።

ገንዘብ ባለበት ማጭበርበርም አይጠፋም። ፒ.ኤስ.ኤ በመጀመሪያ ደረጃ ያወጣለት ካርድ ቀደም ሲል የበረዶ ሆኪ ተጫዋቹ ዌይን ግሬትዝኪ ንብረት የነበረ የዋግነር ካርድ ነው። በዘርፉ ስመ ጥር የነበረው ጨረታ አቅራቢ ቢል ማስትሮ በማጭበርበር ወንጀል ተከሶ እ.ኤ.አ በ2013 ጥፋተኝነቱን ሲቀበል፣ የዚህን ካርድ ጠርዝ ቆርጦ ማስተካከሉንም አምኗል። በመርማሪ ድርጅት መታሸግ ብቻውን በቂ ዋስትና እንደማይሆንና ገዥው ራሱ ማወቅ እንደሚኖርበት ሰብሳቢዎች ከዚህ ተምረዋል።

በኢትዮጵያ የስፖርት ካርድ ገበያ ባይኖርም እነዚህ ሕጎች ሁሉ በቴምብር ላይ ይሠራሉ። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች በ1886 ዓ.ም በፓሪስ የታተሙ ሲሆን፣ የቀረጻቸው ፈረንሳዊው ኤዤን ሙሾን ነው። ሰባት ዓይነት ሆነው ዋጋቸው ከሩብ እስከ 16 ግርሽ ነበር፤ በአራቱ ላይ የአፄ ምኒልክ ምስል፣ በሦስቱ ላይ ደግሞ የአንበሳ ምስል ታትሟል። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም በመሆኑ፣ ቴምብሮቹ ከአባልነቱ በፊት ለዓመታት በሥራ ላይ ቆይተዋል።

ብዙ ሰው ቴምብር ባረጀ ቁጥር ይወደዳል ብሎ ያስባል። የምኒልክ ቴምብሮች ግን ይህ ሁልጊዜ እውነት እንዳልሆነ ያስረዳሉ። ከእነዚህ ቴምብሮች ብዙዎቹ ደብዳቤ ላይ ሳይለጠፉ በአውሮፓ ለሰብሳቢዎች ስለተሸጡ ያልተሠራበት ቴምብር ዛሬም ያለ ብዙ ድካም ይገኛል፤ ዋጋውም ያን ያህል አይደለም። ብርቅ የሆነው በዚያ ዘመን በእርግጥ የተላከ፣ ቴምብሩና የፖስታ ማኅተሙ በላዩ ላይ እንዳሉ የቆየ ፖስታ ነው። ማኅተሙ ደብዳቤው የት እንደተሰጠና መቼ እንደተላከ ይናገራል፤ አድራሻው ማን ከማን ጋር ይጻጻፍ እንደነበር ያሳያል። ቴምብሩን ከፖስታው ላይ ቆርጦ ወይም በውኃ ዘፍዝፎ የሚያነሣ ሰው ይህን ሁሉ ታሪክ አጥፍቶ የሚያስቀረው በየትም የሚገኘውን ክፍል ብቻ ነው።

የማጭበርበሩ ታሪክም ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ ከ1901 ጀምሮ በነበሩት ዓመታት በምኒልክ ቴምብሮች ላይ በመጀመሪያ የአገሪቱ ስም በፈረንሳይኛ፣ ቀጥሎም "ቦስጣ"ና "መልእክት" የሚሉ የአማርኛ ቃላት ተጨምረው ታትመዋል። ተጨማሪው ጽሑፍ ዋጋ ስለሚያስጨምር አስመስለው የሚያትሙ ሰዎች ብዙ ሐሰተኞችን አሠራጭተዋል። በመሆኑም እንዲህ ያለውን ቴምብር በባለሙያ ሳያስመረምሩ መግዛትም ሆነ መሸጥ ለኪሳራ ያጋልጣል።

ስፖርቱና ቴምብሩ የሚገናኙበት አጋጣሚም አለ። በጥር 1954 ዓ.ም ኢትዮጵያ 3ኛውን የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ አስተናግዳ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 በማሸነፍ ዋንጫውን ስትወስድ ለውድድሩ መታሰቢያ ቴምብር ታትሟል። ከዚያ አንድ ዓመት ከአራት ወር ያህል ቀደም ብሎ አበበ ቢቂላ በሮም ኦሎምፒክ 11 ቁጥር ለብሶ በባዶ እግሩ በመሮጥ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም ደግሞ በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ድሉን ደግሞ፣ የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል። በ1961 ዓ.ም በዚሁ የደብረ ብርሃን መንገድ ሸኖ አካባቢ በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ፤ ያረፈውም በጥቅምት 1966 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ ሊፈርምበት የሚችል ወረቀት የለም። በሕይወት ሳለ የፈረመባቸው ፎቶግራፎች፣ የዘመኑ ጋዜጦችና የመታሰቢያ ፖስታዎች ቁጥራቸው ሊቀንስ እንጂ ሊጨምር አይችልም።

ሦስተኛው መመዘኛ ፈላጊ ነው፤ ፈላጊን የሚያበዛውም እውቀት ነው። የኢትዮጵያን ቴምብር በሚመለከት እውቀቱ ለረጅም ጊዜ በውጭ አገር ሲከማች ቆይቷል። በአሜሪካ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቴምብር ማኅበር የምኒልክን ስም የያዘ መጽሔት እያሳተመ የማኅተሞችንና የሐሰተኞችን ዝርዝር ሲያጠና ቆይቷል። በአገር ውስጥ ደግሞ በአዲስ አበባ የሚገኘው ብሔራዊ የፖስታ ሙዚየም ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የታተሙትን ቴምብሮች ያሳያል። በቤቱ ያለውን ወረቀት ምንነት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከመሸጡ በፊት ሙዚየሙን መጎብኘት ቀላሉ መነሻ ይሆነዋል።

ወረቀቱን ለማቆየት የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ቴምብርን ከፖስታው አለመለየት፣ በሙጫና በፕላስተር አለመለጠፍ፣ በእስክሪብቶ በላዩ አለመጻፍ፣ ቆሻሻ ቢኖረውም አለማጠብ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ናቸው። በጭስ፣ በእርጥበትና በፀሐይ ፊት የሚቀመጥ ወረቀት ቶሎ ይበላሻል፤ በመሆኑም ንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ ደረቅና ጨለማ ስፍራ ማኖር ይገባል። በፎቶግራፉ ላይ ያሉት ሰዎች ማንነት፣ ደብዳቤው ለማን እንደተላከና እንዴት ወደ ቤተሰቡ እንደደረሰ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ጠይቆ በሌላ ወረቀት ላይ መመዝገብም ያስፈልጋል። የወረቀቱን አመጣጥ የሚያስረዳ ማስታወሻ ለተመራማሪም ለገዥም ትልቅ ማስረጃ ነው።

ቅርስ የሆነን ነገር ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። አሮጌ ሰነድ ያለው ሰው ደጃፉን ለሚያንኳኳ ገዥ ከማስረከቡ በፊት የሚመለከተውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ራሱን ከሕግ ተጠያቂነትም፣ ንብረቱን በርካሽ ከማጣትም ያድነዋል።

ከሎስ አንጀለስ የተነሣው ጉባኤ ከአርባ ዓመታት በላይ የዘለቀው ካርዶቹ ከወርቅ የተሠሩ ስለሆኑ አይደለም። ያቆዩዋቸው፣ የመዘገቧቸውና እውነተኛውን ከሐሰተኛው የለዩ ሰዎች በየዓመቱ ስለሚገናኙ ነው። በአንጎለላና በጃቶ የተወለዱት ሁለቱ ሰዎች በታሪክ ያላቸው ስፍራ በገበያ ዋጋ የሚለካ ባይሆንም፣ ዘመናቸውን የሚመሰክሩት ወረቀቶች ግን እንደማንኛውም ወረቀት ይቀደዳሉ፣ ይበሰብሳሉ፣ ይቃጠላሉ። ይህ እንዳይሆን ለማድረግ በቅድሚያ የሚያስፈልገው በየቤቱ ያለውን ሣጥን ከፍቶ በውስጡ ምን እንዳለ ማወቅ ነው።