ብርድና ፀሐይ በኮንክሪት ቤት፦ በሮቤ ለሚሠራ የቤተሰብ መኖሪያ የንድፍ ስሌት

በሮቤና በጎባ የጭቃ ቤት በብሎኬትና በፌሮ ኮንክሪት እየተተካ ነው። አዲሱ ቤት እሳትን፣ ምስጥንና ዝናብን በተሻለ ይቋቋማል፤ ንድፉ ካልታሰበበት ግን ሌሊት ይበርዳል። ነዋሪው በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ሲያቀጣጥል በካርቦን ሞኖክሳይድ ለመመረዝ ይጋለጣል። ስለዚህ ጉዳዩ ከምቾት ያልፋል።

ኮንክሪት በባሕርዩ ቀዝቃዛ ሳይሆን ሙቀትን አከማችቶ ዘግይቶ የሚመልስ ቁስ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ 2,100 ኪሎ ጁል ያህል ይይዛል፤ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ጥቅጥቅ ግድግዳ የቀን ሙቀት አቋርጦ ለማለፍ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ፈልፍሎ በሠራው በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ፣ ከመግቢያው ርቆ፣ የቀንና የሌሊት ሙቀት ልዩነት እጅግ የሚጠበው በዚሁ ሕግ ነው። የቤት ግድግዳ ግን እንደ ዋሻው ጥልቀት ስለሌለው በየቀኑ ከፀሐይ መቀለብ አለበት።

በሰሜኑ ዓለም የተጻፉ መማሪያዎች ትልቁ መስኮት ወደ ደቡብ እንዲዞር ይመክራሉ። ሮቤ የምትገኘው ግን በሰሜን ኬክሮስ 7 ዲግሪ ላይ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን፣ በደረቁና ሌሊቱ በሚበርድበት ወቅት፣ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 59.5 ዲግሪ ከፍ ትላለች። ስለሆነም የላይኛው ጠርዙ ከወለል 2 ሜትር ከፍ ባለ የደቡብ መስኮት የሚገባው ጨረር ከ1.2 ሜትር አይርቅም። ከቀትር 3 ሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ወደ 37 ዲግሪ ዝቅ ብላ ወደ ደቡብ ምዕራብ ትዞራለች፤ በዚያ አቅጣጫ ባለ ተመሳሳይ መስኮት ጨረሩ እስከ 2.6 ሜትር ይዘልቃል።

ከዚህ በመነሣት ሳሎኑና መኝታ ክፍሎቹ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ዕቃ ቤቱ፣ መታጠቢያውና ደረጃው ወደ ሰሜን ቢሆኑ ይመረጣል። ጨረሩ የሚያርፍበት ወለል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ሆኖ ምንጣፍ ባይሸፍነው ሙቀቱን ምሽት ላይ ይመልሳል። የተከማቸውን ለማቆየት ደግሞ መስኮቱ ሌሊት በእንጨት መዝጊያ ወይም በወፍራም መጋረጃ መሸፈን ይኖርበታል። ትልቁ ስጋት ያለው ከላይ ነው፤ ጥርት ባለ ሌሊት ጣራው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይረጨዋል። ስለዚህ የሙቀት መከላከያው ከሶሌታው በላይ ይደረግ፤ ከታች ከሆነ ሶሌታውን ከክፍሉ ይለየዋል።

ይህ ስሌት ሰማዩ በሚደመንባቸው የዝናብ ወራት ሙሉ መፍትሔ አይሆንም። ሆኖም የመስኮት አቅጣጫ በወረቀት ላይ ሲወሰን የሚጠይቀው ተጨማሪ ወጪ እምብዛም ነው፤ ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ግን ማረሙ ከባድ ነው።