የአክሲዮን ዋጋና የጋይንት ገበያ

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተከፈተ ወዲህ፣ የአክሲዮን ነገር በነፋስ መውጫና በመካነ ኢየሱስ ሱቆችም ይነሣል። ከዚሁም ጋር አንድ ጥያቄ ይከተላል፤ አክሲዮን ሲወደድ የአገር ኑሮ ተሻሻለ፣ ሲረክስ ከፋ ማለት ነውን? ጥያቄው የሥራ ፈት ክርክር አይደለም። ነጋዴ ምን ያህል ዕቃ እንደሚያስመጣና ለማን ዱቤ እንደሚሰጥ የሚወስነው ምልክት አይቶ ነውና።

አክሲዮን የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ማኅበሩ ወደ ፊት ያተርፋል ብሎ ስለሚያስበው ትርፍ ነው። ስለዚህ ዋጋው የሚናገረው በገበያው ስለ ተመዘገቡት ማኅበሮች እንጂ ስለ አገሩ ሁሉ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በአሜሪካ የሆነው ይህንኑ ያስረዳል። በመጋቢት የወደቀው የአክሲዮን ዋጋ በነሐሴ ከቀድሞው ሁሉ በልጦ ሲገኝ፣ ከመቶ ሠራተኞች ከ8 የሚበልጡት ገና ሥራ አጥተው ነበር። ታላላቆቹ ኩባንያዎች በመዝገቡ ነበሩ፤ የተዘጉት ትንንሽ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ግን አልነበሩም።

በእኛ ዘንድ ልዩነቱ ይልቁን ይሰፋል። በአዲሱ ገበያ በመጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ለሕዝብ ካቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን፣ ገዢዎቹም ከ47 ሺሕ ጥቂት ቢበልጡ ነው። የጋይንት ገብስና ድንች፣ የስማዳ ጤፍና ፍየል፣ የእስቴ ማርና በግ በዚያ መዝገብ የሉም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ በጦርነት ተይዛ በነበረች ጊዜ የተዘረፈውን ንብረት፣ ገበያው ያን ጊዜ ቢኖር እንኳ፣ የአክሲዮን ዋጋ ባልነገረን ነበር።

ይህ ሲባል ግን የአክሲዮን ገበያ ለነጋዴ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ባንክ አክሲዮን ሸጦ ካፒታሉን ሲያሳድግ የማበደር ዐቅሙ ይጨምራል። የተመዘገበ ባንክ አክሲዮን ያለውም ነጋዴ ገዢ በዘመድ በወዳጅ ከሚፈልግ፣ በታወቀ ዋጋ በግልጽ ለመሸጥ መንገድ ያገኛል። ሆኖም ነገ ለስኳርና ለዘይት የሚከፈለውን ገንዘብ ዛሬ በአክሲዮን ማሰር ሱቅን ባዶ ማስቀረት ነው።

ለእኛ አገር ንግድ ቅርብ የሆኑት ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናም። ገበሬው በክረምት በዱቤ የወሰደውን የሚከፍለው በመኸር ነው።

2ኛ፤ በገበያ ቀን የእህሉና የበጉ ዋጋ። ሻጩ ገበሬ ከሰዓት በኋላ የእኛ ገዢ ነው።

3ኛ፤ ከወረታ ወደ ወልድያ የሚያልፈው መንገድ ደኅንነትና የጭነት ዋጋ።

4ኛ፤ የውጭ ምንዛሪ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተመኑ በገበያ ስለሚወሰን፣ የዘይትና የቆርቆሮ ዋጋ አብሮት ይንቀሳቀሳል።

እንግዲህ የአክሲዮኑን ዋጋ ማወቅ መልካም ነው፤ ስለ ባንኩና ስለ ኩባንያው ይነግረናልና። በመጪው መኸር ዱቤያችን ይመለስ እንደ ሆነ ለማወቅ ግን ቀድሞ የሚታየው የገበሬው ማሳ ነው።