ልብ የነገረው መቼ ይታመናል?

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማን በ90 ዓመታቸው አረፉ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 4 ቀን አትሌት ታምራት ቶላ የፓሪስ ኦሊምፒክን ማራቶን አሸነፈ። ሁለቱን አንድ ላይ የማነሳቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው የሚወስንበት መንገድ ከሥራው ውጤት ጋር ምን ያገናኘዋል የሚለው የቆየ ጥያቄ በሁለቱም ውስጥ አለ።

የሥራ አመራር አሠልጣኞች ጥያቄውን በመጠይቅ መመለስ ይወዳሉ። ስኮትና ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጡት ታዋቂ መጠይቅ ሰዎችን አመዛዛኝ፣ ልቡን ተከታይ፣ ሰው ጠባቂ፣ ውሳኔ ሸሺና ችኩል ብሎ በአምስት ይለያል። ለሥልጠና አዳራሽ ይመቻል፤ ሰው ስለ ራሱ የሞላው ቅጽ ግን ስለ ውጤቱ ብዙ አይነግረኝም።

የተመራማሪዋ የካትሊን አይዘንሃርት የ1989 እ.ኤ.አ. ጥናት ከዚህ ይልቃል። ስምንት የማይክሮ ኮምፒውተር ኩባንያዎችን ሲያጠኑ፣ ፈጥነው የሚወስኑት መሪዎች ከዘገምተኞቹ የበለጠ መረጃና ብዙ አማራጭ ይዘው አገኟቸው። መስማማት ሲያቅት ደግሞ ኃላፊው ይወስናል። ይህን ሳነብ ቀድሞ የሠራሁበት መሥሪያ ቤት ትዝ ይለኛል። የአንድ ጀነሬተር ግዢ ሁሉም እስኪስማማ ተብሎ ከቃለ ጉባኤ ወደ ቃለ ጉባኤ ሲንከባለል ፕሮፎርማው ጊዜው አለፈበት፤ ዋጋውም ጨመረ። ያን ሁሉ ወር አዲስ መረጃ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም።

ልብ የነገረው ይታመናል ወይ በሚለው ላይ ትልቁ ክርክር ግን የካህነማንና የሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ የጋሪ ክላይን ነው። ክላይን ከእሳት አደጋ ሠራተኞች አፍ የሰሙት አንድ ታሪክ አለ። አንድ አዛዥ ቡድኑን ይዞ የሚቃጠል ቤት ገባ። ወጥ ቤቱ ላይ ውሃ ቢረጩም እሳቱ አልበገር አለ። ቤቱ ከመጠን በላይ ይፋጃል፣ የእሳቱ ድምፅ ግን አይሰማም። አዛዡ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ሰዎቹን አስወጣ። እንደ ወጡ ወለሉ ተደረመሰ፤ እሳቱ ለካ ምድር ቤት ውስጥ ነበር።

ካህነማን የመጡት ከተቃራኒው በኩል ነው። በወጣትነታቸው በእስራኤል ጦር ውስጥ የመኮንንነት እጩዎችን ይመዝኑ ነበር። እጩዎቹ ግንድ ይዘው ግንብ ሲሻገሩ አይተው ማን መሪ እንደሚወጣው በእርግጠኝነት ይናገራሉ። ከመኮንኖች ትምህርት ቤት ውጤት ሲመጣ ግን ትንበያው ከጭፍን ግምት እምብዛም አይሻልም። ይህን እያወቁም በቀጣዩ ዙር እርግጠኝነታቸው አልቀነሰም።

ሁለቱ ምሁራን ልዩነታቸውን ለማጥበብ ለዓመታት ተነጋግረው እ.ኤ.አ. በ2009 የጋራ ጽሑፍ አወጡ። በጽሑፉ መሠረት ልብ የነገረው የሚታመነው፣ ሥራው የማያሳስቱ ምልክቶች ሲኖሩትና ሠራተኛውም ስህተቱን ቶሎ ቶሎ እያየ ሲማር ነው። በራስ መተማመን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ለእኔ ይህ ከመጠይቆቹ ሁሉ ይበልጣል፤ ዓይናችንን ከሰውየው ጠባይ አንስቶ ወደሚሠራበት ሜዳ ያዞረዋልና።

ስፖርት ይህን በግልጽ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ ጆንሰንና ራብ እ.ኤ.አ. በ2003 ለእጅ ኳስ ተጫዋቾች የጨዋታ ቪዲዮ አሳይተው ድንገት አቆሙት። ለተጫዋቾቹ መጀመሪያ የመጣላቸው ምርጫ በአብዛኛው ቆይተው ካሰቡት የተሻለ ነበር። በረኞች ግን ሌላ ናቸው። ባር ኤሊና ባልደረቦቻቸው 286 የፍጹም ቅጣት ምቶችን አይተው፣ መሃል ላይ ቆሞ መጠበቅ የተሻለ እንደሚያድን አገኙ። በረኞቹ መሃል የቆዩት ግን በ6.3 በመቶው ብቻ ነበር። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት፣ ዘሎ ጎል ከሚቆጠርበት ይልቅ ቆሞ የሚቆጠርበት በረኛ የባሰ ይጸጸታል።

ወደ ፓሪስ ልመለስ። ታምራት ተጠባባቂ ነበር፤ የገባው ሲሳይ ለማ በመጎዳቱ ነው። ከዘጠኝ ወር በፊት ግን ዳገት የበዛበትን የኒው ዮርክ ማራቶን በ2:04:58፣ በሥፍራው ክብረ ወሰን አሸንፎ ነበር። ፓሪስም ዳገት ነበረች። በ28ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከሁሉ በከፋው አቀበት አካባቢ፣ ተፎካካሪዎቹን ጥሎ ሄደ፤ በ2:06:26 ገብቶ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። ሯጩ ዳገት ላይ መቼ መፍጠን እንዳለበት እግሩና ትንፋሹ በየልምምዱ ሲያርሙት ኖረዋል። የኦሊምፒክ ማራቶን መራጭ ግን ምርጫው ሲፈተን የሚያየው በአራት ዓመት አንዴ ነው። ያስቀረው ሯጭ ቢሮጥ ምን ያመጣ እንደነበር ደግሞ ጭራሽ አያይም፤ በፓሪስ የታየውም በጉዳት ምክንያት ነው።