«ፋዘር» ወይስ «አንተ ልጅ»? በሁለት ትውልድ መሃል የቀሩት

እስቲ አንድ እሁድ ጠዋትን እንውሰድ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ፋዘር፣ ትንሽ ጠጋ በልላቸው» ይላል። ሰውዬው ዞር ብሎ ያያል። ከኋላው ሽማግሌ የለም። ፋዘር የተባለው ራሱ ነው፤ ዕድሜው 38።

ከሁለት ሰዓት በኋላ እድር ስብሰባ ላይ ተቀምጧል። ስለ ሒሳቡ ሊጠይቅ እጁን ሲያወጣ አንድ አባት «አንተ ልጅ፣ ቆይ እስቲ ትላልቆቹ ይጨርሱ» ይሉታል። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አርጅቶም ልጅ ሆኖም ዋለ ማለት ነው። (በሴት ሲሆን ይብሳል። «ማዘር» መባል የሚጀምረው ወንዱ «ፋዘር» ከሚባልበት ዕድሜ ቀድሞ ነው። እድሩ ጋ ስትደርስ ደግሞ ከሒሳቡ በፊት ማግባት አለማግባቷ ይጠየቃል።)

ይህ ጽሑፍ በግምት ከ1975 እስከ 1985 ዓ.ም. ስለተወለዱት ሰዎች ነው። እናንተ ምናልባት ታናናሾቻቸው ናችሁ። እነሱ ሲገናኙ የሚያነሱት አንድ ቅሬታ አለ። «ከላይ ያ ትውልድ፣ ከታች ጄንዚ፣ እኛን ማን ቆጠረን?» ይላሉ። ሲያወሩት ቀልድ ይመስላል። ወረቀት ላይ ሲታይ ግን ብዙው እውነት ነው።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። ትውልድ ስም የሚያገኘው ከምንድን ነው? ካርል ማንሃይም የተባለ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1928 በጻፈው ዝነኛ ጽሑፍ እንዳለው፣ በአንድ ዘመን መወለድ ብቻውን ሰዎችን ትውልድ አያደርጋቸውም። ትውልድ የሚያደርጋቸው በወጣትነታቸው አንድ ትልቅ ነገር አብረው ማለፋቸው ነው።

በዚህ ሚዛን «ያ ትውልድ» ምንም አልጎደለውም። በ1957 «መሬት ላራሹ» ብሎ ሰልፍ ወጣ፣ በ1966 አብዮቱን አየ፣ በ1967 ለእድገት በሕብረት ዘመቻ ገጠር ወረደ፣ ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። ክፍሉ ታደሰ ስለ ኢሕአፓ የጻፈው ባለ ብዙ ቅጽ መጽሐፍ ርዕሱ ራሱ «ያ ትውልድ» ነው። የሚያደንቀውም የሚረግመውም በዚሁ ስም ይጠራዋል። ታናናሾቹም ስም አላቸው። ከ2008 እስከ 2010 በነበሩት ተቃውሞዎች ቄሮ፣ ፋኖ፣ ዘርማ የሚሉት ስሞች በየቤቱ ገቡ። በሰኔ 2016 ደግሞ የኬንያ ወጣቶች አደባባይ ወጥተው የግብር ሕጉ እንዲነሳ ካደረጉ በኋላ «ጄንዚ» የሚለው ቃል እኛ ጋም ክብደት አገኘ።

በመሃል ያለውስ? «ሚሊኒያል ናችሁ» የሚላቸው አይጠፋም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል ሚሊኒያል የሚለው እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1996 የተወለደውን ስለሆነ፣ በቁጥር ይገጥማል። በኑሮ ግን አይገጥምም። የአሜሪካው ሚሊኒያል ከኢንተርኔት ጋር ያደገ ነው። የኛው ያደገው ከአባባ ተስፋዬ ጋር ነው፤ አንድ ጣቢያ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ እሱም ብዙ ጊዜ የጎረቤት። ሞባይል ስልክ አገራችን የገባው በ1991 ሲሆን፣ ብዙዎቹ የራሳቸውን ስልክ የያዙት ሥራ ከያዙ በኋላ ነው። እስከዚያ ያለው የኢንተርኔት ካፌ ወረፋና ሚስኮል ነው። «አንድ ጊዜ ከጠራ ደርሻለሁ፣ ሁለቴ ከጠራ ውጪ» የሚል ስምምነት ነበር። ሳቁ፤ በዚህ የተጋባ ሰው አለ።

ደግሞ የሚገርመው፣ አሜሪካ ውስጥ «ተረሳን» እያለ የሚያማርረው ሚሊኒያሉ አይደለም። ከሱ በፊት ያለው ጄን ኤክስ ነው። ፒው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014 የተረሳ መካከለኛ ልጅ ብሎታል። እኛ ጋ ቅሬታው አንድ እርከን ወደ ታች ወርዶ ሚሊኒያሉ ላይ ያረፈው ለምንድን ነው? የኔ መልስ የያ ትውልድ ጥላ በጣም ረጅም ስለነበር ነው የሚል ነው። የ1997ቱን የምርጫ ክርክር ፈልጋችሁ እዩት። መለስ ዜናዊም ብርሃኑ ነጋም በወጣትነታቸው ከዚያው ንቅናቄ የወጡ ናቸው። ንቅናቄው ከተጀመረ 40 ዓመት ሆኖት እንኳ ፉክክሩ በያ ትውልድ ልጆች መካከል ነበር፤ በ20ዎቹ ያለው ወጣት ተመልካችና መራጭ ነው። እርግጥ ከ2010 ወዲህ በ1960ዎቹ የተወለዱ ሰዎች ወንበር ላይ ወጥተዋል። ጥቂት ሰው ወንበር ላይ ስለወጣ ግን እኩዮቹ ሁሉ ተቆጠሩ ማለት አይቻልም።

ያ 1997 ራሱ የመካከለኛው ትውልድ ትልቅ ነገር መሆን የሚችል ነበር። ታላላቆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጡት ግንቦት 7 ቀን ነው። ከዚያ የሰኔው ግርግር፣ ከዚያ የጥቅምት 1998። ነገሩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን አባላት በኋላ ይፋ ባደረጉት ግኝት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች ተገድለዋል። ከሲቪሎቹ 40ዎቹ አሥራዎቹን ያልጨረሱ ልጆች ነበሩ። የጽሑፍ መልዕክት ከምርጫው በኋላ ተዘግቶ የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. መግቢያ ነው። ሁለት ዓመት ከዚያ በላይ በዚህ አገር ሞባይል ይዞ ቴክስት መላክ አይቻልም ነበር። ዛሬ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እንደሚሰማ የምታውቁት ይሄ ይገባችኋል።

ታዲያ ለምን «የ97 ትውልድ» አልተባለም? አንዱ ምክንያት ቤት ውስጥ ነው። የነዚህ ልጆች ወላጆች ቀይ ሽብርን ያዩ ናቸው። በ1975 ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ ወንድም ወይም ልጅ የደበቁ ናቸው። ልጆቻቸውን ያሳደጉት «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» እያሉ ነው። 97 ሲመጣ ይህ ምክር ትክክል መሰለ። ልጁ ወደ ቤቱ ገባ፣ ዝም አለ፣ ዲቪ ሞላ፣ ማስተርስ ተመዘገበ። ዝም ያለ ደግሞ ስም የለውም። ይህን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። ግን ታናናሾቹ «እናንተ ምን ሠራችሁ?» ሲሉ የሚከነክነው እዚህ ጋ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሕጉ ነው። ይሄኛው ብዙም አይወራም፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ እውነተኛ የምለው ይሄንን ነው። መካከለኛው ትውልድ በገባበት በር ሁሉ ሕጉ ገና ተቀይሮ ነበር፤ እሱ ሲወጣ ደግሞ ወደ ድሮው ተመለሰ።

ትምህርትን ውሰዱ። ድሮ ማትሪክ የሚባለው 12ኛ ክፍል ላይ ነበር። በ1986 በወጣው ፖሊሲ መሠረት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፈተናው ወደ 10ኛ ክፍል ወረደ። ልጁ በ16 ዓመቱ ይፈተናል፤ ካለፈ መሰናዶ፣ ካላለፈ ቴክኒክና ሙያ። 10+1፣ 10+2፣ 10+3 የሚባል ዲፕሎማ ነበር። እሱም ብዙ ሳይቆይ ቀርቶ በ«ሌቭል» ተተካ። 10+3 የጨረሰ ሰው ዛሬ ሥራ ሲያመለክት መጀመሪያ የሚያደርገው ወረቀቱ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ነው። ከ2012 ጀምሮ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ራሱ ቀረ። የአንድ ትውልድን ዕጣ በ16 ዓመቱ የወሰነው ፈተና «አያስፈልግም» ተባለ ማለት ነው።

መሰናዶ ያለፈውም አልዳነም። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ፍሬሽማን ከ1996 ጀምሮ ተነስቶ አብዛኛው የአራት ዓመት ዲግሪ ሦስት ዓመት ሆኗል። አዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሲከፈቱ የገባው ደግሞ ሕንፃው በአንድ ወገን እየተሠራ፣ እሱ በሌላው ወገን እየተማረ ነው የተመረቀው። ታላላቆቹ «የሦስት ዓመት ዲግሪ» እያሉ ቀለዱበት። በ2012 ፍሬሽማን ተመለሰ፣ ዲግሪውም አራት ዓመት ሆነ። ሥርዓተ ትምህርቱም አሁን እንደ ድሮው ወደ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ተመልሷል። አያቱና የልጅ ልጁ በአንድ ዓይነት ሥርዓት ተማሩ፤ መሃል ያለው ብቻ የሌላ አገር ሰው ይመስላል።

ወደ ዕድሜ እንምጣ። በ1996 የወጣው የኢትዮጵያ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር ግን እስከ 35 ያደርሰዋል። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ የ32 ዓመት ሰው አንድ ከተማ ውስጥ ሆኖ ወጣትም ነው፣ አይደለምም። ፖሊሲው ሲወጣ 29 ገና ሩቅ ነበር። «ወጣቱ ተስፋ አለው» የሚለው ንግግር ቀጠለ፣ እሱ ግን 30 ሞላው።

በዚህ ሁሉ ላይ ገንዘቡ አለ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የታወጀው በ2003 ነው። ከዚያ በፊት በግል ድርጅት ሲሠሩ ኖረው ያረጁ፣ ነጋዴ የነበሩ፣ ገበሬ የሆኑ ወላጆች ጡረታ የላቸውም። ጡረታቸው ልጃቸው ነው። ያው ልጅ የታናሽ እህቱን የኮሌጅ ይከፍላል፣ የራሱን ልጅ ትምህርት ቤት ይከፍላል፣ ኪራይ ይከፍላል። ታናናሽ አንባቢዎቼ፣ የእጃችሁን ስልክ ማን እንደገዛላችሁ አስታውሱ። ደመወዙ ሦስት ቤት ስለሚገባ ነው ታላቅ ወንድማችሁ ሁልጊዜ «ወር ይድረስ» የሚለው።

ቤትስ? ኮንዶሚኒየም በ1997 ሲመዘገብ ታላላቆቹ 20 ዓመት አካባቢ ነበሩ። የቀሩት በ2005 ተመዘገቡ። በየወሩ ንግድ ባንክ ቆጠቡ። በሐምሌ 2014 ከ25 ሺ በላይ ቤት ዕጣ ወጣ ተብሎ ዕልል ሲባል፣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ዕጣው ተሰረዘ። እንደገና የወጣው በኅዳር 2015 ነው። በ22 ዓመቱ የተመዘገበ ሰው ዕጣውን ስልኩ ላይ ስሙን እየፈለገ ያየው በ40 ዓመቱ ነው። ስሙን ያጣም ብዙ ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልበል። ይሄ ሁሉ «እኛ ብቻ ተበደልን» ወደሚል ከሄደ ውሸት ይሆናል። ታናናሾቹ በጥቅምት 2015 ተሰብስበው የተፈተኑት የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ከዚያም የመውጫ ፈተና ተጨመረ። ስም ያገኘ ትውልድ ስሙን በደም ያገኘ ነው፤ ያ ትውልድ ምን እንደከፈለ የሚታወቅ ነው። መካከለኛው ትውልድም የራሱ ጥፋት አለው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እየተባለ ሲያድግ ያመረረው ሰው፣ ዛሬ ቢሮ ውስጥ ያንኑ ተረት ለ24 ዓመቷ ልጅ ሲደግመው አይቻለሁ።

ችግሩ በመሠረቱ መቼ እንደሚረከቡ አለመታወቁ ይመስለኛል። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል። ሁሉም ተራውን ያውቃል፤ የሚወርደውም የሚወርድበትን ቀን ያውቃል። (እዚያም ቢሆን የልጅ ቦታ በአባቱ ስለሚወሰን ከዕድሜው ጋር የማይገጥምለት ሰው አይጠፋም።) በእድሩ፣ በመሥሪያ ቤቱ፣ በፓርቲው ግን እንዲህ ዓይነት ቀን የለም። «ቆይ ትላልቆቹ ይጨርሱ» የተባለው ሰው ቆየ። ትላልቆቹ ሲጨርሱ ደግሞ «አሁንማ ዘመኑ የወጣቱ ነው» ተባለ።

እስከዚያው የያዘው ሥራ ግን አለ፤ ደመወዝ የሌለው። የቤተሰቡን የቴሌግራም ግሩፕ እዩ። የአባቱን ሁለት ደቂቃ የድምፅ መልዕክት ለእህቱ የሚያሳጥረው እሱ ነው። የእህቱን ስቲከር ለአባቱ «አልሰደበችህም እኮ፣ ስቃ ነው» ብሎ የሚያስረዳው እሱ ነው። እናቱን ቴሌብር ያስለመዳት እሱ ነው።

ዛሬ ማታ ቤት ካለች ታላቅ እህታችሁን አንድ ነገር ጠይቋት። የ10ኛ ክፍል ውጤት የመጣ ቀን ቤት ውስጥ ምን ተባለ? በ97 የት ነበረች? መጀመሪያ «ምን ያደርግልሃል?» ትላለች። ትንሽ ቆይታ ትጀምራለች።