ሶፍትዌር ሲሻሻል የእናንተ ለውጥ ለምን ይጠፋል?

በሊኑክስ ሰርቨር ላይ የትምህርት ቤታችሁን ድረ ገጽ ታስተዳድራላችሁ እንበል። ድረ ገጹን የሚያቀርበው ኤንጂን-ኤክስ የተባለው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በሆነ ምክንያት ከቆመ በራሱ እንዲነሳ፣ በማስነሻ ፋይሉ ላይ አንድ መስመር ጨመራችሁ። ከዚያ ሰርቨሩን አሻሻላችሁ። ከሳምንታት በኋላ ፕሮግራሙ ቆመ፤ አልተነሳም። ፋይሉን ብትከፍቱት የጻፋችሁት መስመር የለም! ማን አጠፋው?

በደቢያንና በኡቡንቱ ሶፍትዌር የሚመጣው ፓኬጅ በሚባል ጥቅል ነው። ጥቅሉን ፈትቶ የሚጭነው ደግሞ ዲፒኬጂ ነው። ዲፒኬጂ የጻፋችሁትን አንብቦ አይረዳም። ከፋይሉ ላይ ኤምዲ5 በተባለ ስሌት 32 ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት “አሻራ” ያወጣል። አንዲት ነጥብ ብትቀየር አሻራው ሌላ ይሆናል።

በማሻሻያ ጊዜ 3 አሻራዎችን ያነጻጽራል፦ ባለፈው ፓኬጅ የመጣውን፣ አሁን ዲስኩ ላይ ያለውንና አዲሱ ፓኬጅ ያመጣውን። እናንተ ብቻ ከቀየራችሁ የእናንተ ፋይል ይቆያል። ፓኬጁ ብቻ ከቀየረ አዲሱ ይተካል። ሁለታችሁም ከቀየራችሁስ? ቆም ብሎ ይጠይቃችኋል። አዲሱን ብትመርጡ እንኳ የድሮው ፋይል ስሙ ላይ “ዲፒኬጂ-ኦልድ” ተጨምሮበት እዚያው ይቀመጣል።

ታዲያ የእኛ መስመር ለምን ጠፋ? ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረገው የፓኬጁ አዘጋጆች “ይህ ተጠቃሚው የሚያስተካክለው ፋይል ነው” ብለው ላስመዘገቡት ብቻ ነው። እነዚህ ፋይሎች የሚቀመጡት ኢቲሲ በተባለው ፎልደር ውስጥ ነው። የኤንጂን-ኤክስ ማስነሻ ፋይል ግን ያለው ዩኤስአር ውስጥ ነው። እዚያ ያለው የፓኬጁ ንብረት ስለሆነ ማሻሻያው ሳይጠይቅ ይተካዋል።

ስለዚህ የፓኬጁን ፋይል አትንኩ፤ ለውጣችሁን በራሳችሁ ፋይል ጻፉ። ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ ለዚህ ተዘጋጅቷል፦ “ሲስተምሲቲኤል ኤዲት ኤንጂን-ኤክስ” የሚለው ትእዛዝ ኢቲሲ ውስጥ ትንሽ ተጨማሪ ፋይል ይከፍትላችኋል። ሲስተምዲ መጀመሪያ የፓኬጁን፣ ቀጥሎ የእናንተን ያነባል፤ ከተጋጩ የሚጸናው የእናንተ ነው። ማሻሻያው የፓኬጁን ፋይል መቶ ጊዜ ቢተካውም የእናንተ መስመር ቦታው ላይ ነው።

አንድ ፋይል ከመቀየራችሁ በፊት እንግዲህ ይህን ጠይቁ፦ የዚህ ፋይል ባለቤት እኔ ነኝ ወይስ ፓኬጁ?