ካሊፐሩ ይቆይ፣ ዘይቱ ይቅደም

ጀርመን ውስጥ አይፍል በሚባለው ተራራማ አካባቢ ኑርቡርግሪንግ የተሰኘ የመኪና መወዳደሪያ አለ፤ የተከፈተው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1927 ነው። ኖርድሽላይፈ የሚሉት ረጅሙ ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር ሲሆን በጫካ መሀል ሽቅብና ቁልቁል ይጠማዘዛል። ለሕዝብ ክፍት በሚሆንባቸው ቀናት ማንም መንጃ ፈቃድና ለመንገድ ብቁ የሆነ መኪና ያለው ሰው ከፍሎ ይነዳበታል። አብዛኛው ሰው የሚመጣው ሞተሩን ተማምኖ ነው። ቀድሞ እጅ የሚሰጠው ግን ብዙ ጊዜ ፍሬኑ ነው።

ምክንያቱ ሙቀት ነው። ፍሬን የመኪናውን ፍጥነት ወደ ሙቀት ከመቀየር ሌላ ሥራ የለውም። 1,300 ኪሎ የሚመዝን የስፖርት መኪና በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር መጥቶ ለኩርባ ወደ 80 ሲወርድ፣ በግርድፉ 5 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ የሚያፈላ ሙቀት በጥቂት ሰከንድ ይፈጠራል። ከተማ ውስጥ ከ50 ተነስቶ ቀጥ ብሎ ከመቆም 13 እጥፍ ያህል ነው። ደግሞም አንዴ ብቻ አይደለም፤ ዲስኩ ሳይቀዘቅዝ ቀጣዩ ኩርባ ይደርሳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ በሚወርዱ ከባድ መኪኖች አጠገብ ያለፈ ሰው የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታውን ያውቀዋል።

ፍሬን በሙቀት የሚከዳው በሁለት መንገድ ነው፤ የትኛው እንደሆነ እግር ይለየዋል። ፔዳሉ እንደጠነከረ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ ችግሩ ሸራው ላይ ነው። ሸራውን አጣብቆ የያዘው ሙጫ ከልክ በላይ ሲግል ጋዝ ይተፋል፣ ጋዙም ሸራውና ዲስኩ በደንብ እንዳይነካኩ ያደርጋል። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ወለሉ ከሰመጠ ግን የፈላው የፍሬኑ ዘይት ነው። ፈሳሽ ቢጫኑት አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል፤ ስለዚህ የእግር ጉልበት ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ካሊፐር ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። የሚያስፈራው ይሄኛው ነው፤ እምብዛም ሳያስጠነቅቅ ይመጣል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ 3.7 በመቶ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ዶት 5.1 ከ260 ወደ 180 ይወርዳል። ለውድድር የሚሠሩት ከ300 በላይ ይችላሉ። ዶት 5 ግን ስሙ ቢቀራረብም ሲሊኮን ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። ስለዚህ ትራክ ለመግባት ያሰበ ሰው መጀመሪያ አሮጌውን ዘይት አስወጥቶ አዲስ ይሙላ፣ በየጎማው ካለው ካሊፐርም አየሩን ያስወጣ። ከሥራው ሁሉ ርካሹ ይህ ነው፤ ለእኔ ዋናውም ይኸው ነው።

ቀጥሎ ሸራ። የትራክ ሸራ ሙቀት ይችላል፤ በጠዋት ሲቀዘቅዝ ግን አጥብቆ አይዝም፣ ይጮኻል፣ ቸርኬውን በአቧራ ያጠቁራል። በዓመት ሁለት ሦስት ቀን ለሚነዳ ሰው በተራውና በትራኩ ሸራ መሀል ያለው ዓይነት ይበቃል። አዲስ ሸራ ቀስ በቀስ እያሞቁ ከዲስኩ ጋር ማላመድ ግድ ነው። ዲስኩም ቢሆን በመሀሉ አየር የሚያሳልፍ ተራ ዲስክ ይበቃል፤ የተበሳው ለዓይን ያምራል እንጂ በተደጋጋሚ ሙቀት ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳዎቹ ጫፍ ነው። ከፊት መከላከያው ወደ ዲስኩ አየር የሚያመጣ ቱቦም ብዙ ይረዳል።

ትልቁ ባለ ስድስት ፒስተን ቀይ ካሊፐርስ? ገንዘብ ለተረፈው። ጎማውን ማስቆለፍ የሚችል ፍሬን ካለ፣ አንድ ጊዜ ለመቆም ርቀቱን የሚወስነው ጎማው ነው። ትልቅ ፍሬን የሚሰጠው ያንኑ አያያዝ ደጋግሞ የመያዝ አቅም ነው። ጃጓር በ1953 «ለ ማን» በተባለው የ24 ሰዓት ውድድር በዲስክ ፍሬን ሲያሸንፍ ጥቅሙ ይኸው ነበር፤ የተፎካካሪዎቹ ድራም ፍሬን በ24 ሰዓቱ ሲዳከም የእሱ ጸና። ከዚያም በላይ የፊቱን ብቻ ማሳደግ የፊትና የኋላውን ሚዛን ሊያዛባ ይችላል፤ ቸርኬውም ላይገጥም ይችላል።

ሕግም አለ። በሕዝብ ቀን ኖርድሽላይፈ ላይ የሚሠራው የጀርመን የመንገድ ትራፊክ ደንብ ነው፤ የመንገድ ፈቃድ የሌለው የውድድር ሸራ እዚያም አይፈቀድም።

ዙሩ ሊያልቅ ሲል ፍሬን ሳይነኩ ቀስ ብለው ይንዱ፤ ዲስኩ በነፋስ ይቀዝቅዝ። ሲያቆሙ የእጅ ፍሬን አይሳቡ፤ የጋለ ሸራ ዲስኩ ላይ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። ማርሽ አስገብተው ጎማው ሥር ታኮ ያድርጉ።