ከሞተሩ በፊት ፍሬኑ

ፔጆ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን 404 እና 504 ነው። አውሮፓ ግን የ205 ጂቲአይ ፍቅር አልበረደም። እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ የቀረበችው ይህች ትንሽ መኪና ክብደቷ 900 ኪሎ አይሞላም። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣችው ባለ 1.9 ሊትሯ 130 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ዛሬም በየቤቱ ጋራዥ ለእሽቅድምድም ሜዳ የሚያሰናዷት አሉ።

ታዲያ አብዛኛው ሰው የሚቸኩለው ሞተሩን ለማጠንከር ነው። መቆም ላቃታት መኪና ተጨማሪ ጉልበት ምን ይፈይዳል? የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ሲገባው ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛ ልክ 155 ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ፍሬን ደጋግሞ ሲረገጥ አሮጌው ዘይት ይፈላል። እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃልና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ግንብ ነው!

ስለዚህ አስቀድሞ አዲስ ዘይት፣ ሙቀት የሚችል የፍሬን ሸራ፣ ያልተሰነጠቀ ቱቦ። የኋላ ወንበር ማውጣት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ክብደት ይቀንሳል፣ ፍሬኑንም ያግዛል። በክሪክ ብቻ ከተነሣች መኪና ሥር መግባት ግን ጀግንነት አይደለም፤ የብረት መቆሚያ ይደረግላት።

አንድ አመሏንም ልንገራችሁ፦ ኩርባ መሐል ነዳጅ በድንገት ሲለቁባት ኋላዋ ተንሸራትቶ ይወጣል። የኋላ አክስሏ ኩሽኔታ ካለቀ ደግሞ ይብሳል።